ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ገጠር ልትከርሙ ካሰባችሁ

"የማን እንግዳ ነህ?"

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ያገኘኝ ሚሊሻ የጠየቀኝ ይህንኑ ብቻ ነበር። መሣሪያውን አንግቷል፣ ቁጣ የለውም፣ እንዲያውም ፈገግ ብሏል። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ከሐዋሳ በባጃጅ ወጥቼ፣ ቦርሳዬን አዝዬ፣ "መቼም አንድ አልጋ አይጠፋም" ብዬ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መንደር መሃል ተገትሬያለሁ። ከኋላዬ ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት ተኮልኩለዋል። አልጋ የሚባል ነገር የለም። የመጨረሻውን ሞተር ለምኜ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬ፣ አቧራ ስጠጣ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴም ስምንት ቀን ከርሜያለሁ። ይህን የምጽፈው እናንተ በመጀመሪያው ቀን እንደኔ እንዳትመለሱ ነው።

በመጀመሪያ ቦታው። ባሕር የለንም፤ ባሕር ዳር ያልነው ከተማ እንኳ ሐይቅ ዳር ነው። ስለዚህ ውሃ ዳር ጸጥ ያለ ገጠር ስትሉ ሐይቅ ነው የሚቀርላችሁ፣ ለኛ ለሐዋሳ ሰዎች ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። ከተማችን የያዘችው የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የቀረው ዙሪያው በአብዛኛው በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ከብት፣ ፊላና ደንገል ነው። በደቡብና በምዕራብ በኩል ሐዋሳ ዙሪያ ወረዳ አለ፣ ዶሬ ባፈኖ የምትባለው ከተማ ያለችበት። በሰሜን በኩል ስትዞሩ ኦሮሚያ ትገባላችሁ። እኔ የምሄድባት መንደር በዶሬ ባፈኖ በኩል ናት። ስሟን አልጽፍም፤ አንድ ጊዜ ከጻፍኩ በሳምንቱ ሞንታርቦ ይዞ የሚሄድ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው። ቤት አትፈልጉ፣ ሰው ፈልጉ። ገጠር ውስጥ ክፍል ተከራይታችሁ አታድሩም፤ የአንድ ሰው እንግዳ ሆናችሁ ነው የምታድሩት። ሰውየው ከተገኘ ቀበሌው፣ ምግቡ፣ መኝታው፣ ውሻው ሳይቀር በእሱ በኩል ይስተካከላል። ካልተገኘ ኪሳችሁ በብር ቢሞላም ዋጋ የለውም። ታዲያ ሰው ከየት ይመጣል? ሐዋሳ ውስጥ ከገጠር መጥቶ የሚማር ወይም የሚሠራ የማያውቅ የለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሰፈር ዘበኛ፣ ወተት የምታመጣላችሁ ሴት፣ ሁልጊዜ የምትሳፈሩበት ባጃጅ ሹፌር። "ቤተሰቦችህ ሐይቁ ዳር ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ያገኘሁት አሞራ ገደል የሚባለው የከተማችን አሳ ገበያ አሳ ስገዛ ነው፤ የሚያጸዳልኝ ልጅ አጎቱ ማዶ አሳ አጥማጅ ነበር። የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪም ጥሩ መንገድ ነው። አስተማሪ ሁሉንም ያውቃል፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ አማርኛም ይችላል።

ሰው ስታገኙ በዚያው ቅዳሜ ተነስታችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ ደርሶ መልስ አንድ ቀን ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ተዋወቁ፣ የምትተኙበትን እዩ። ሽንት ቤቱንም እዩ፤ አታፍሩ። "በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ ሦስት ቀን ባድር ትቀበሉኛላችሁ?" በሉ። እሺ ማለታቸው አይቀርም፤ እሺ ሲሉ ግን ፊታቸውን እዩት። እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ አንዳንዴ እሺው ከአንገት በላይ ይሆናል። አባወራው እሺ ብሎ እማወራዋ ዝም ካለች ጉዳዩ አላለቀም፣ ምክንያቱም የምታበስለውም የምታነጥፈውም እሷ ናት።

እዚያ ስትደርሱ የመጀመሪያ ሥራችሁ ከአስተናጋጃችሁ ጋር ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር መሄድ ነው። መታወቂያችሁን አሳዩ፣ ስንት ቀን እንደምትቆዩ ተናገሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳታደርጉ ብታድሩ የምታስቸግሩት ራሳችሁን ብቻ ሳይሆን ያሳደራችሁንም ሰው ነው፤ "ያልታወቀ ሰው ቤቱ አስገባ" ይባልበታል። ድሮን ይዛችሁ አትሂዱ። ካሜራ ካላችሁም መጀመሪያ ቀን ከቦርሳ አታውጡት።

ወቅቱን በተመለከተ እንደኔ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ይመረጣል። ዝናቡ አልፏል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ማታ ማታ ይበርዳል፤ ሐዋሳ ሙቅ ናት ብላችሁ በቲሸርት ብቻ ብትሄዱ ሌሊቱን ታዩታላችሁ። ጋቢ ያዙ። በነሐሴ መሄድም የራሱ ጣዕም አለው፣ በቆሎ እሸት ከእሳት ላይ እየተቀበሉ መብላት ከየትም አይገኝም፤ ግን ጭቃው ባጃጅ አያሳልፍም፣ ቦት ጫማ ግድ ነው። በፍቼ ጨምባላላ ሰሞን ከተጋበዛችሁ ሌላውን ሁሉ ሰርዛችሁ ሂዱ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ኮከብ ቆጥረው ነው የሚወስኑት። ሰላምታው "አይዴ ጨምባላላ" ነው። በሌላው ጊዜ "ኬሬ" ካላችሁ ይበቃል፤ ሰላም ማለት ነው። ወጣቶቹ አማርኛ ይችላሉ፣ እናቶቹ ግን ብዙዎቹ አይችሉም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቃል ከልጆቹ ተማሩ፣ በስህተታችሁ ይሳቁ፤ ያ ሳቅ ብዙ ሥራ ይሠራላችኋል።

ወባ አለ። ሐይቁ ያለበት ከፍታ 1,680 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ወባ የሚደርስበት ቦታ ነው፤ ክረምቱ ሲያልፍ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ይብሳል። አዎ፣ እኔ ከመረጥኩላችሁ ወቅት ጋር ይገጣጠማል፣ ምን ይደረግ። የራሳችሁን አጎበር ያዙ። የእነሱን አትጠቀሙ፤ እናንተ ስትወስዱት ያለ አጎበር የሚያድር ሕፃን አለና። መስቀያ ገመድና አራት ምስማር ጨምሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትተኙ፣ ደም ተመርመሩ።

ሌላው የምትይዙት ብዙ አይደለም። የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ሶፍት፣ ሳሙና፣ አንሶላ፣ ነጠላ ጫማ፣ የምትጠጡት ውሃ። ለቁንጫም የሆነ ነገር። ቁንጫ የለም የሚላችሁ ሰው ለምዶት ነው። ዝርዝር ብር በደንብ ያዙ፤ ባለ 200 ብር ይዛችሁ ሱቅ ብትሄዱ ባለሱቁ መልስ ፍለጋ መንደሩን ሲዞር ይውላል። ቴሌብር የሚቀበል አለ፣ ኔትዎርኩ ሲኖር ነው እንጂ። እኛ መንደር ኔትዎርክ የሚይዘው አንዲት ግራር ሥር ነው፤ ማታ ማታ ወጣቶቹ ሁሉ እዚያ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ፣ ሐሜቱም የሚገኘው እዚያው ነው።

ስለ ውሃ ትንሽ ልንዛዛ። የሐይቁን ውሃ አትጠጡ። ጉድጓዱንም ቢሆን ሳትጠይቁ አትጠጡ። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛል፤ ብዙ ቦታ ጥርስ ሲበልዝ የምታዩት ከዚያ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። ለሦስት ቀን ምንም አትሆኑም፣ ግን ሕፃን ይዛችሁ ረዘም ላለ ጊዜ የምትከርሙ ከሆነ ውሃ ከከተማ አስመጡ።

ከዚህ የሚበልጠው ብልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ ነው። ሐይቁ ውስጥ አለ። ትሉን የሚያሳድገው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው፤ ዳር ዳሩን፣ ሣርና ፊላ ባለበት፣ ውሃው በማይንቀሳቀስበት ይኖራል። ከቀንድ አውጣው የወጣው ትል ለዓይን አይታይም፣ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል። ስለዚህ "እግሬን ብቻ ነው የነከርኩት" ማለት አያድንም። ልጆቹ ሲዋኙ አይታችሁ አትቅኑ። ለመታጠብ ውሃውን አፍሉት፤ ካልሆነ በጀሪካን ቀድታችሁ ሁለት ቀን አስቀምጡት፣ ትሉ ያለ ሰው ገላ ብዙ አይቆይም። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ አንድ ከሰዓት ሙቀቱ ሲጠናብኝ ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ሁለት ወር ቆይቼ ሰገራ ተመረመርኩ፣ ተገኘብኝ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ ይሠራል፣ ግን የዋጥኩ ቀን ያዞረኝን ማዞር አልረሳውም። ከነካችሁ በማግሥቱ አትመርመሩ፣ ገና አይታይም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቁ።

ጉማሬም አለ። ቀን ውሃ ውስጥ ጆሮውን ብቻ እያሳየ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። የሚወጣበት መንገድ አለው፤ ፊላው መሃል እንደ ቦይ የተረገጠ ጠባብ መተላለፊያ ታያላችሁ። እዚያ ላይ አትቁሙ፣ ድንኳን አትትከሉ፣ ለፎቶም አትቀመጡ። ከመሸ ወደ ውሃው አትውረዱ፣ ጎህ ሳይቀድም ብቻችሁን አትሂዱ። ካጋጠማችሁ በእሱና በውሃው መሃል አትሁኑ፤ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው፣ መሃል ላይ ማን እንደቆመ አይጠይቅም። ድንኳን ካነሳሁ አይቀር፣ ሐይቁ በገጽ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዝናብ የበዛበት ዓመት ይሞላና የሰው ማሳ ይበላል። ስለዚህ ውሃው ጫፍ ላይ ከመትከል ግቢ ውስጥ፣ ከብቶቹ አጠገብ መትከል ይሻላል።

ጀልባ። ንጋት ላይ ከአሳ አጥማጆች ጋር መውጣት ከተፈቀደላችሁ እንቅልፋችሁን ሰውታችሁ ውጡ። መረቡን ማታ ጥለውት ያድራሉ፣ ጠዋት ይሰበስባሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚነሱት። ጀልባዋ እንጨት ናት፣ ታንጠባጥባለች፤ አንድ ልጅ ከመሃሉ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃውን እየጨለፈ ይጥላል፣ ሥራው እሱ ብቻ ነው። አሳ አጥማጁ አጎትየው ቀዛፊውን ሳያይ በጣቱ አቅጣጫ ያሳያል። መረቡ ሲወጣ መጀመሪያ ቅጠልና ጭቃ ነው፣ ከዚያ አንድ ብልጭ ይላል፣ ቀጥሎ ሦስት። አብዛኛው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። አልፎ አልፎ አምባዛ ይመጣል፣ ጢሙን እያወዛወዘ፣ እንደ ተናደደ ሽማግሌ። አጎትየው ቆሮሶውን ከመረቡ ሲያላቅቅ አውራ ጣቱን ጉንጩ ሥር ያስገባል፣ አንዴ ያዞራል፣ ወደ ጀልባው ወለል ይጥለዋል። እኔ ልሞክር ብዬ የጀርባው እሾህ መዳፌን ወጋኝ፤ ልጁ ጭለፋውን አቁሞ ሳቀብኝ፣ ጀልባዋ እስክትሞላ።

ላይፍ ጃኬት የላቸውም፣ ዋና ካልቻላችሁ ከከተማ ተከራይታችሁ ያዙ። ጠዋት ጠዋት ውሃው መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ንፋስ ይነሳል። ከሰዓት "እንዙር" የሚላችሁን ጎረምሳ አመስግናችሁ ተቀመጡ።

አሳው ሲወጣ ከጀልባው ላይ ግዙ፣ ዋጋ ብዙ አትከራከሩ። መዳፍ የማያህል ቆሮሶ አትግዙ፤ እናንተ ካልገዛችሁት ጠባብ መረብ የሚጥልበት ምክንያት ይቀንሳል። በሁዳዴ ሰሞን ዋጋው እንደሚወጣ እወቁ። አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፣ ቤታችን ውስጥ ራሱ አላለቀም። ጥሬውን አትብሉ። ገጠር ላይ የሚጠበሰው ያለ ብዙ ቅመም ነው፣ ጨውና ሚጥሚጣ፣ በቃ፤ ሆቴል ከምትበሉት ጋር አይገናኝም።

ሌላው ምግብ እንሰት ነው። ዋሳ ይሉታል፣ እኛ ቆጮ የምንለውን። እማማ (እኔ እማማ ነው የምላቸው፣ እናንተም እንደዚያ በሉ፣ አባወራውንም አባባ) ዋሳውን መጀመሪያ በጨርቅ ጨምቀው ውሃውን ያወጣሉ፣ ከዚያ ሰሌዳ ላይ አድርገው በቢላ ይከትፉታል። ቃጫው እስኪጠፋ ነው የሚከትፉት፣ ቢላው ሲወርድ ድምፁ እንደ ዝናብ እኩል ነው። የእንሰት ቅጠል ላይ ጠፍጥፈው ምጣድ ላይ ያስቀምጡታል። ቅጠሉ ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ ጎረቤት ይጠራል። ለክብር ከሆነ ደግሞ ቡርሳሜ ነው፤ ዋሳው በቅቤ ታሽቶ በሸክላ ሳህን ይቀርባል፣ ከጎኑ ወተት። ቅቤው እስከ ክርን ይወርዳል። መጀመሪያ እጅ ታስታጥባችሁ ዘንድ ትንሿ ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዛ ትመጣለች፤ ቁጭ ብላችሁ ታጠቡ፣ "እኔ ራሴ" አትበሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አትመልሱ። ሁለተኛውን በለዘብታ መከላከል ይቻላል፣ ሦስተኛው ላይ ራሳችሁን ቻሉ።

ትንሽ ብሉና "ጠገብኩ" በሉ ብዬ አልመክርም፤ ያስከፋል። ግን ማወቅ ያለባችሁ ሕፃናቱ የሚበሉት እንግዳ ከበላ በኋላ የተረፈውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳህኑን ጠርጋችሁ አትነሱ። ይህን የነገረኝ አስተማሪው ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሄጄ ሳድር። በመጀመሪያው አዳሬ ጠርጌ ነበር የተነሳሁት።

ከብት ሌሊት ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው ብዙ ቦታ። እናንተ መደብ ላይ፣ ላሟ ከግርግዳው ማዶ። ትተነፍሳለች፣ ታመሰኳለች፣ ሌላም ሌላም ታደርጋለች። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ያለሷ እንቅልፍ እምቢ ይላችኋል። ሴቶች ከልጃገረዶቹ ጋር ነው የሚተኙት፤ እህቴ አንዴ አብራኝ ሄዳ እስከ እኩለ ሌሊት ጸጉሯን ሲሠሯት አድረዋል። ረዘም ያለ ቀሚስና ሻሽ ይዛ መሄዷ ጠቅሟታል። ማታ ለሽንት ስትወጡ ባትሪ አብሩና ድምፅ አሰሙ፣ ውሻው ገና አያውቃችሁም።

እና ጸጥታው? ልዋሻችሁ አልችልም። ዶሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል። ጅብ ይጮኻል፣ ውሾች ይመልሱለታል። እሁድ ጠዋት የፕሮቴስታንት ቸርቹ ሞንታርቦ ሐይቁን ተሻግሮ ይሰማል። ግን ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሲሸሽ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ላይ እንደ ጡረታ ተሰላፊ ቆመው፣ አንድም ሞተር ሳይሰማ አንድ ሰዓት ያልፋል። እኔ የምሄደው ለዚያች ሰዓት ነው። ስልካችሁን ግራሩ ሥር ትታችሁ ተቀመጡ። አንድ ሰው መጥቶ አጠገባችሁ መቀመጡ አይቀርም፣ ምንም ላይናገር ይችላል። እናንተም ወሬ አትፈልጉለት።

አልኮል ይዛችሁ አትሂዱ፣ ብዙዎቹ አይጠጡም። ለልጆቹ ከረሜላ አትበትኑ፤ አንዴ ከበተናችሁ ቀጣዩ እንግዳ መንገድ ላይ ይከበባል። ደብተርና እስክሪብቶ ከሆነም ለአስተማሪው ስጡ። ለቤቱ ስኳር፣ ቡና፣ ዘይት፣ ሳሙና ከመጀመሪያው ቀን ይዛችሁ ግቡ።

ገንዘቡን በመጨረሻው ቀን ስጡ፣ ለእማወራዋ፣ ሰው በሌለበት። "ስንት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "ኧረ ምን ሲደረግ!" ትባላላችሁ፣ እውነትም ያፍራሉ። ሐዋሳ ውስጥ ደህና አልጋና ሦስት ጊዜ ምግብ በቀን የሚያወጣባችሁን አስቡና ከዚያ እጅግ አታሳንሱ። ፖስታ ውስጥ አድርጉት፣ "ለልጆቹ ደብተር" በሉ። ሁለቴ ይመልሱታል፣ በሦስተኛው ይቀበላሉ።

የመመለሻ መኪና ከ10 ሰዓት በኋላ እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጠዋት ውጡ። ገበያ ቀን ከሆነ በአይሱዙ ላይ ከፍየልና ከጎመን ጋር ቆማችሁ ትሄዳላችሁ፣ ያም አይከፋም። ስትወጡ አንድ ነገር ይሸክሟችኋል፤ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ አንዳንዴ ዶሮ ነፍሱ እንዳለች። እምቢ አትበሉ። ባጃጁ ግን ለማዳበሪያው ከረጢት ለብቻ ያስከፍላል፣ ከመጫናችሁ በፊት ተነጋገሩ።